ትርጉም ያለው ስም የሚያወጣው ሐበሻ ብቻ አይደለም፦ ስለ ስሞቻችን ለተጻፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ስሞቻችን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰው ሁሉ ሲቀባበለው ነበር። ለኔም ከየአቅጣጫው ደረሰኝ። ጸሐፊው ስሞቻችንን ከልባቸው እንደሚወዱ ያስታውቃሉ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ለልጁ ትርጉም ያለው ስም የሚያወጣ ሕዝብ በዓለም ላይ እኛ ብቻ ነን፤ ፈረንጅ ዝም ብሎ ድምፅ ነው የሚለጥፈው። የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞችም ቢሆኑ ምንጫቸው ግዕዝ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋልና ሐዘንና ጦርነት ያለባቸውን የድሮ ስሞች፣ እነ ካሳን፣ እነ ማስረሻን፣ እነ ደምሰውን ትተን ብሩህ ስም እናውጣ። በአባት ስም መጠራት የቀረው እኛ ጋ ብቻ ስለሆነ እንደ ሠለጠነው ዓለም የቤተሰብ ስም በሕግ ይደንገግልን። በመጨረሻም ውጭ አገር ያሉ ወላጆች ለፈረንጅ ምላስ የሚቀል ስም ቢያወጡ ለልጁ ይበጀዋል።

እኔም ስሞቻችንን እወዳለሁ። ዝም ማለት ያቃተኝም ለዚሁ ነው። የራሳችንን ስም ለማክበር የሌላውን ባዶ ማድረግ አያስፈልገንም። ደግሞ ጸሐፊው በአንድ እጃቸው ያነሱትን በሌላው እጃቸው ጥለውታል። "ትርጉም ያለው የኛ ስም ብቻ ነው" ብለው ይጀምሩና ትርጉሙ የከበደውን ስም ሁሉ እንጣለው ብለው ይጨርሳሉ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። "ጆርጅ ማለት ምን ማለት ነው? ምንም!" ብለው ጽፈዋል። ጆርጅ ማለት ገበሬ ማለት ነው። ቃሉ የግሪክ ነው፣ መሬት የሚያርስ ሰው። እኛ ጊዮርጊስ የምንለው እሱኑ ነው። በስሙ የሚጠራ ካቴድራልም የእግር ኳስ ክለብም አዲስ አበባ ውስጥ አለን። ስሙ እንግሊዝ አገር ሲደርስ ትርጉም የለሽ፣ አራዳ ጊዮርጊስ ሲደርስ ባለ ትርጉም ሊሆን አይችልም።

ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው። ፒተር ዐለት ነው። ፊሊፕ ፈረስ ወዳድ ነው። ማርጋሬት ሉል ናት። ሶፊያ ጥበብ ናት። አይሪን ሰላም ናት፤ ከኛዋ ሰላም የሚለያት ቋንቋዋ ብቻ ነው። ቴዎዶር የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ እኛ ደግሞ ቴዎድሮስ አልነው። ሩሲያዎች ያንኑ ሐሳብ በራሳቸው ቋንቋ ቦግዳን ይሉታል። እዚያው ሩሲያ ቬራ፣ ናዴዥዳና ሉቦቭ የሚባሉ የሴት ስሞች አሉ። እምነት፣ ተስፋና ፍቅር ማለት ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የሶፊያ ሦስት ልጆች ስም ነው። ሦስቱም ዛሬ ሩሲያዊ በየቀኑ የሚናገራቸው ቃላት ናቸው። ተስፋዬንና ፍቅርተን ለምናውቅ ለኛ ይሄ እንግዳ ሊሆን አይገባም።

በእግዚአብሔር ወይም በቅዱሳን አገልጋይነት የሚወጣውን ስም ደግሞ ተመልከቱ። እኛ ገብረ ክርስቶስ፣ ገብረ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ እንላለን። ሙስሊሙ አብዱላሂ፣ አብዱልቃድር ይላል። ስኮትላንድ ውስጥ ጊልክሪስት የሚባል ስም አለ። በአገሩ የጥንት ቋንቋ የክርስቶስ አገልጋይ ማለት ነው፤ ቁርጥ ገብረ ክርስቶስ። ማልኮም ደግሞ ኮሎምባ የሚባለው ቅዱስ አገልጋይ ነው። ሕንድ ስትሄዱ ራምዳስን ታገኛላችሁ፣ የራማ አገልጋይ። እነዚህ ሰዎች ተጠራርተው አልተመካከሩም። የሚወዱትን ልጅ ለሚያምኑት ኃይል አደራ መስጠት የሰው ልጅ ሁሉ ጠባይ ስለሆነ ነው።

ወደ አፍሪካም ብንመጣ ያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን "ኮፊ" የተባሉት ዓርብ ስለተወለዱ ነው። ክዋሜ ንክሩማ ቅዳሜ ነው የተወለዱት፤ ስማቸው ይናገራል። በጋናዎቹ አካኖች ዘንድ ስሙን የሰማ ሰው ልጁ የተወለደበትን ቀን ያውቃል። ኬንያ ውስጥ ሉዎዎች ዝናብ ሲዘንብ የተወለደውን ወንድ ልጅ ኦኮት ይሉታል። ኦሮሞው ሮባ ይለዋል። አማራው ዘነበ ይለዋል። ሦስት ቋንቋ፣ አንድ ዝናብ።

ታዲያ ጸሐፊውን ያሳሳታቸው ምንድን ነው? የእንግሊዙ ጆርጅ ግሪክኛ አይሰማም። ስለዚህ የስሙ ትርጉም ከጆሮው ርቋል፣ መጽሐፍ ገልጦ ካላየው በቀር አያውቀውም። እኛ ግን አበበን ስንጠራ አበባው እየተሰማን ነው። ይሄ ትልቅ ሀብት ነው፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። ግን የሀብቱ ስም ትርጉም ማግኘት ሳይሆን ትርጉሙን ሳያደበዝዙ ማቆየት ነው። በዚያም ብቻችንን አይደለንም።

በኔ ዐይን የአማርኛ ስም ትልቁ ውበቱ፣ ጸሐፊው ያላነሱት፣ ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ነው። ያውም ለአንድ ሰው የተነገረ። ጥሩነሽ ስትባል እናት ልጇን ፊት ለፊት እያየች ነው። ጌታሁን ምርቃት ነው። ተመስገን ወደ ላይ የተነገረ ነው። ማንያዘዋል ለጎረቤት ነው፣ ምናልባትም ድንበር ለሚገፋ ጎረቤት። አለማየሁ ያለው አባት የሚያወራው ስለራሱ ነው፦ ልጅ ወልጄ ዓለም አየሁ ይላል። ስንታየሁ ያለችው እናት ደግሞ ያለፈችበትን ሁሉ ልጇ ስም ውስጥ ከታዋለች። ልጁ ዕድሜ ልኩን የሚሸከመው አንድ ቀን ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ንግግር ነው።

እዚህም ላይ ቢሆን ቀዳሚዎች አሉን። ናቡከደነፆርን ሁላችንም የምናውቀው ኢየሩሳሌምን ያቃጠለ፣ ሠለስቱ ደቂቅን እሳት ውስጥ የጣለ ጨካኝ ንጉሥ አድርገን ነው። ስሙ ግን በባቢሎን ቋንቋ "ናቡ ሆይ፣ ወራሼን ጠብቅልኝ" ማለት ነው። አንድ አባት ለአምላኩ ያቀረበው ልመና ነው። ከክርስቶስ ልደት ብዙ መቶ ዓመታት በፊት በጤግሮስና በኤፍራጥስ ዳር የነበሩ ወላጆች ስም ሲያወጡ እንዲህ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ ነበር።

ሁለተኛው ነጥባቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች ምንጫቸው ግዕዝ ነው የሚለው ነው። ማስረጃቸው ሰሎሞን "ሰላም" ከሚለው ግዕዝ፣ ባሮክም "ባረከ" ከሚለው ግዕዝ መጥቷል የሚል ነው። መመሳሰሉ እውነት ነው። ግን ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛና ግዕዝ እህትማማች ቋንቋዎች ናቸው። እህት እህቷን አትወልድም። ሰላም በዕብራይስጥም አለ፣ በዓረብኛም አለ፤ ለዚህ ነው ሰሎሞን እዚያ ሱለይማን የሚሆነው። ባረከ የሚለው ሥር በሦስቱም አለ። ብሩክና ባሮክ፣ ሙባረክም፣ እንዲሁም ከዓረብኛ በስዋሂሊ በኩል ኬንያ የደረሰው ባራክ የሚለው ስም ሁሉ እዚህ ይገናኛሉ። አሜሪካን ስምንት ዓመት የመሩት ሰው ስም ከኛ ብሩክ ጋር በሥር አንድ ነው። ይሄ ራሱ ደስ የሚል ነገር ነው። ላዩ ላይ ምንም መጨመር አያስፈልገውም።

ስሞቹ ወደኛ የመጡበትን መንገድ ደግሞ ፊደላችን ራሱ ይናገራል። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ከ4ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ፣ በዋናነት ከግሪክ ነው። ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ሁሉም በ"ስ" የሚያልቁት በአጋጣሚ አይደለም። የግሪክ ወንድ ስም ማለቂያ ነው። "ጰ" እና "ፐ" የተባሉት ፊደሎቻችን ከሀ እስከ ፐ ሲቆጠር ወደ መጨረሻው የተቀመጡ ናቸው። ግዕዝ ያልነበረውን ድምፅ፣ የግሪኩን ስምና ቃል ለመጻፍ ሲባል የተጨመሩ ናቸው።

ዮሐንስን ብቻ ብንከተለው ዓለምን ያዞረናል። በዕብራይስጥ ዮሐናን ነበር፣ እግዚአብሔር ጸጋውን ሰጠ ማለት ነው። ግሪኮች ዮአኒስ አሉት፣ እኛ ዮሐንስ፣ ሩሲያ ኢቫን፣ ስፔን ሁዋን፣ ጣሊያን ጆቫኒ፣ ፈረንሳይ ዣን፣ አየርላንድ ሾን፣ እንግሊዝ ጆን። ጄምስ ደግሞ ያዕቆብ ነው፤ በላቲን በኩል ሲንከባለል መልኩን ቀየረ። ጸሐፊው "ባዶ የፈረንጅ ስም" ብለው ከዘረዘሯቸው ውስጥ ግማሾቹ በኛም ቤት ክርስትና የተነሳባቸው ናቸው።

ጴጥሮስን በተመለከተ እንዲያውም መጽሐፉ ራሱ ምስክር ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ላይ ጌታ ስምዖንን ኬፋ ትባላለህ ይለዋል፤ ወንጌላዊውም ትርጓሜው ጴጥሮስ ነው ብሎ ያክላል። ኬፋ የአራማይክ ቋንቋ ነው፣ ጴጥሮስ ግሪክ፣ ሁለቱም ዐለት። ቶማስም እንደዚሁ በአራማይክ መንታ ማለት ነው፤ "ዲዲሞስ የሚሉት ቶማስ" የሚባለው ዲዲሞስ በግሪክ መንታ ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው ነጥብ ነው ያመመኝ። ካሳ፣ ማስረሻ፣ ምትኩ፣ ይበቃል የሚባሉ ስሞች ልጅ ላይ ሐዘን ይጭናሉ፣ ዕጣ ፋንታውንም ያጨልማሉ ይላሉ።

አያቴ ሁለት ልጅ በኩፍኝ ሞቶባቸዋል። ሦስተኛው ሲወለድ "ቢያድግልኝ" አሉት። ሰፈሩ ሁሉ አሳጥሮ ቢያድጌ ይለዋል። እሳቸው ግን አንድም ቀን አሳጥረውት አያውቁም ትላለች እናቴ። ማታ ከብቶቹን ይዞ ሲዘገይ ደጅ ወጥተው ወደ ወንዙ አቅጣጫ "ቢያድግልኝ! ኧረ ቢያድግልኝ!" እያሉ ይጣሩ ነበር። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው የቤቱን ታሪክ አብሮ ሰማ ማለት ነው። ማንም ጎረቤት ደግሞ "ለምን እንዲህ አልሺው?" ብሎ አልጠየቃቸውም። አጎቴ አደገላቸው። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ስሙ ሸክም ሆኖበት ሳይሆን የእናቱ ጭንቀት ምን ያህል እንደነበር እያስታወሰው ነው የኖረው።

እንዲህ ያለው ስም የኛ ብቻም አይደለም፣ የጨለማ ምልክትም አይደለም። ዘፍጥረትን ክፈቱ። ቃየን አቤልን ከገደለ በኋላ ሔዋን ወንድ ልጅ ወለደች። እግዚአብሔር በአቤል ፋንታ ሌላ ዘር ተካልኝ ብላ ስሙን "ሴት" አለችው። በኛ አማርኛ ምትኩ አለችው፣ ወይም ተካልኝ። ዮሴፍ በግብፅ የመጀመሪያ ልጁን ምናሴ ያለው እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉ አስረሳኝ ብሎ ነው። ማስረሻ ማለት ነው። ሕዝቅያስን ኢየሩሳሌም ላይ የከበበው የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም እንኳ ስሙ "ሲን የሞቱትን ወንድሞች ተካ" እንደማለት ነው። ሲን የጨረቃ አምላካቸው ነው። ያ ሁሉ ሠራዊት ያሰለፈ ንጉሥ እቤቱ ካሳ ነበር።

ናይጄሪያ ውስጥ ዮሩባዎች ተደጋጋሚ ሞት ያየ ቤት የተወለደውን ልጅ ዱሮጃዬ ይሉታል፣ ቆይተህ ሕይወትን ቅመስ። እኛ ኑርልኝ፣ ቆዬ፣ ሰንበቴ እንደምንለው። ኢግቦዎች ኦዞኤሜና ይላሉ፣ ሌላ እንዳይደገም፤ ይበቃል ያልነው ነገር። ሞንጎሊያ ውስጥ ደግሞ ልጅ የሞተበት ወላጅ አዲሱን ሕፃን ኔርጉይ ይለዋል። "ስም የለሽ" ማለት ነው። ወይም ኤነቢሽ፣ "ይሄኛው አይደለም"። ሕፃኑን ሊወስድ የመጣው ክፉ መንፈስ ስሙን ሰምቶ ግራ እንዲገባው ነው። ከወሎ እስከ ኡላንባታር የእናት ፍርሃት አንድ ነው። ጸሐፊው እንጣለው የሚሉን ይሄንን ነው።

ዕጣ ፋንታ ላሉት ታሪክን ራሱን ልጥቀስላቸው። አፄ ቴዎድሮስ ሲወለዱ ካሳ ነበሩ፣ ካሳ ኃይሉ። አፄ ዮሐንስ 4ኛም ካሳ ነበሩ፣ ካሳ ምርጫ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን ከገዙት ነገሥታት ሁለቱ፣ ጸሐፊው ዕድል ያጨልማል ያሉትን ስም ይዘው ነው ያደጉት። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" የሚለውን አባባል እኔም እወደዋለሁ። ግን ሰው አባባሉን የሚያነሳው መቼ ነው? ሰውየውን ካየ፣ ሥራውን ካወቀ፣ ስሙ ገጥሞ ካገኘው በኋላ ነው። ያልገጠመውን ማንም አይቆጥረውም።

እርግጥ ስም ሰውን ሊጠራው ይችላል። ካሳ ኃይሉ በ1855 እንደ ፈረንጆቹ ሲነግሡ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የመረጡት ቴዎድሮስ የሚባል ፍትሐዊ ንጉሥ ይመጣል የሚል ትንቢት በሕዝቡ ዘንድ ስለነበረ ነው። ያን ስም ግን አዋቂ ሆነው፣ ትርጉሙን አውቀው፣ ራሳቸው አነሱት። በአልጋ ላይ ያለ ሕፃን ላይ ከወረደ ዕጣ ፋንታ ጋር አይገናኝም።

የጦርነት ስም ያሏቸውንም ላንሳ። ደምሰው፣ ጣሰው፣ በላቸው፣ መክተው ለሠለጠነ ዘመን አይመጥኑም፤ ፈረንጆች እንዲህ ያለ ስም የላቸውም ይላሉ። ሉዊስ ማለት በጦርነት ስሙ የገነነ ማለት ነው። 18 የፈረንሳይ ነገሥታት በዚህ ስም ተቆጥረዋል። ዋልተር የጦር ሠራዊት አዛዥ ነው። ዊልያም ውስጥ የራስ ቁር አለ። የሴቶቹ ደግሞ ይብሳል፦ ገርትሩድ ጦርና ብርታት ናት፣ ማቲልዳ ኃይልና ውጊያ። የጀርመን አያቶች ገርትሩድ ተብለው ሹራብ እየሠሩ አርጅተዋል። ጣሰውም የባንክ ሠራተኛ ሆኖ በሰላም ጡረታ ይወጣል። ዛሬ ልጄን ደምሰው አልለውም የሚል ወላጅ መብቱ ነው፤ ጊዜ ሲለወጥ ስም ይለወጣል። "ኋላ ቀርነት" የሚለው ግን ከየት መጣ?

አራተኛው የቤተሰብ ስም ጉዳይ ነው። በአባት ስም የሚጠራ ሕዝብ እኛ ብቻ ነን የሚለው ስህተት ነው። ሩቅ ሳንሄድ ኤርትራና ሶማሊያ እንደኛው ናቸው። ማሌዥያ ውስጥ ማላዮች የልጁን ስም ከአባቱ ስም ጋር "ቢን" ወይም "ቢንቲ" ብለው ያገናኙታል። ሞንጎሊያም በአባት ስም ነው የምትጠቀመው። ታሚሎች የአባታቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ከፊት ያስቀምጣሉ። "ሠለጠነ" ከተባለም አይስላንድን የሚያህል የለም። አይስላንዳዊ የአባቱን ስም ወስዶ ወንድ ከሆነ "ሶን"፣ ሴት ከሆነች "ዶቲር" ይጨምርበታል፤ የእገሌ ልጅ ማለት ነው። እንደ ፈረንጆቹ ከ1980 እስከ 1996 ፕሬዚዳንት የነበሩት፣ በዓለም በምርጫ ፕሬዚዳንት የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት፣ ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ይባላሉ። የፊንቦጊ ልጅ ቪግዲስ። አገሬው "ቪግዲስ" ብሎ ነው የሚጠራቸው፣ ልክ እኛ ሰውን በራሱ ስም እንደምንጠራው። የስልክ ማውጫቸው እንኳ የሚደረደረው በሰውየው በራሱ ስም ነበር።

የቤተሰብ ስም የዓለም ሁሉ ጥንታዊ ልማድ ነው ማለታቸውም ልክ አይደለም። ብዙ አገር ውስጥ የትናንት ነገር ነው፣ ያውም በመንግሥት ትእዛዝ የመጣ። ሆላንድ በ1811 በናፖሊዮን ዘመን ነው ሕዝቡን ስም ያስመዘገበችው። ጃፓን ተራውን ሕዝብ ያስገደደችው በ1875 ነው። ታይላንድ በ1913፣ ቱርክ በ1934። ሙስጠፋ ከማል "አታቱርክ" የተባሉት በዚያው በቱርክ የስም ሕግ ጊዜ ነው። መንግሥታቱ የፈለጉት ግልጽ ነበር። ግብር የሚከፍለውንና ወታደር የሚሆነውን ሰው መዝግቦ ማግኘት ነው።

"በሕግ ይደንገግልን" ላሉት ደግሞ ተደንግጎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም አለው ይላል። ከ60 ዓመት በላይ ሆነው። የቤተሰብ ስም ያለው ጎረቤት አላችሁ? ሕዝቡ ሕጉን አልተቃወመም፣ ሰልፍም አልወጣም። በቃ አልተጠቀመበትም። ዘሩን ለማወቅ የቤተሰብ ስም አያስፈልገውም ነበርና። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች አባትና አያት እየጠሩ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። አንድ የቤተሰብ ስም ይሄን ያህል አያውቅም።

ሚስት በባል ስም አለመጠራቷንም "ትዳር የማያጠብቅ" ብለውታል። ቻይና፣ ኮሪያ፣ ስፔንና ብዙው የዓረብ አገር ሚስት በስሟ ነው የምትኖረው። የካናዳዋ ኬቤክ በ1981፣ ግሪክ በ1983 ሴት ከተጋባች በኋላም የራሷን ስም እንድትይዝ በሕግ ወስነዋል። እኛ ሳንወስን የኖርንበትን እነሱ በፓርላማ ደረሱበት።

አንድ ነገር ላይ ግን እውነት አላቸው። ውጭ አገር ስንሄድ ስማችን ፎርሙ ላይ አይገባም። አባትየው ደረጀ ታደሰ ቢባል ልጁ ናትናኤል ደረጀ ነው። ድንበር ላይ "የመጨረሻ ስማችሁ ለምን ተለያየ?" ይባላሉ። ይሄንን ለማምለጥ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ናትናኤል ታደሰ ብሎ ያስመዘግባል። ፎርሙ ሞላ። ግን ደረጀ ከልጁ ስም ላይ ጠፋ። የልጁ አስተማሪ አባትየውን ሲጠራው "ሚስተር ታደሰ" ይላል፣ ማለትም በአባቱ ስም። ይሄ እውነተኛ ችግር ነው። ጥፋቱ ግን የስሙ ሳይሆን ሁለት ሳጥን ብቻ ያለው ፎርም ነው። አይስላንዳዊም ሞንጎሊያዊም እዚያው ሳጥን ላይ ይሰናከላል።

የቴሌቪዥኑን አስታውሱ። ጥሩነሽ በ2008 ቤጂንግ ላይ 5 ሺህና 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የውጭ ጋዜጠኛ "ዲባባ! ዲባባ!" እያለ ይጮኻል። ስክሪኑም ላይ "ዲባባ" ብቻ። እጅጋየሁ በ2004 አቴንስ በ10 ሺህ ሜትር ብር ስታገኝም ዲባባ፣ ገንዘቤ በ2016 ሪዮ በ1,500 ሜትር ብር ስታገኝም ዲባባ። ሦስት እህትማማቾች ሦስት የሚያማምሩ ስሞች አሏቸው፤ ዓለም ግን የሰማው የአባታቸውን ነው። እኛ እቤታችን ተቀምጠን "ጥሩዬ!" ስንል ነበር። አባት በዚያ ሁሉ ስታዲየም ስሙ ሲጠራ መስማቱ አንድ ደስታ ነው፣ አልክድም። ያቺ የሮጠችው ልጅ ግን ጥሩነሽ ናት።

የመጨረሻው ምክራቸው ለፈረንጅ የሚቀል ስም አውጡ የሚል ነው። ልጅን ናታን ወይም ሳራ ማለት ምንም ነውር የለበትም፣ የቆዩ ስሞቻችን ናቸው። ምክንያቱ ግን "እንዳይቸገሩ" ከሆነ ላስብበት እላለሁ። ቤተ እስራኤላውያን እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ሲገቡ ብዙዎቹ ስማቸው በዕብራይስጥ ስም ተተክቶ ነበር። ለመዝጋቢና ለአስተማሪ ቀለለ። ከዓመታት በኋላ ግን በአማርኛና በትግርኛ ስማቸው ልንጠራ እንፈልጋለን ያሉ፣ የመለሱም አሉ። ለሌላው የቀለለው ነገር ለባለቤቱ ሳይቀል ቀረ። ደግሞ ቻይኮቭስኪን፣ ሽዋርዘኔገርን አጥርቶ የተናገረ ምላስ ወርቅነሽ ላይ ሊሰበር አይችልም። ቁጭ ብሎ ሁለት ጊዜ ቢለማመድ ይበቃዋል።

ጸሐፊው ሁለተኛ ክፍል እንደሚጽፉ ቃል ገብተዋል። አንድ ልመና አለኝ። "የኢትዮጵያ ስሞች" ብለው የጻፉት ሁሉ ከአማርኛና ከግዕዝ የመጣ ብቻ ነው። ደራርቱ ውስጥ አበባ አለ፤ ኦሮምኛ የሚሰማ ሰው ልክ አበበን እንደምንሰማው ይሰማዋል። ገመቹ ደስታ ነው። ትግርኛው ጸጋይ የኛው ጸጋዬ ነው። መሐመድና አሕመድ ምስጋና ከሚል ሥር የመጡ ናቸው፤ በዚህ አገር ያላቸው ዕድሜም ረጅም ነው። ሲዳማው፣ ወላይታው፣ አፋሩ፣ ሶማሌው፣ ጉራጌው እያንዳንዱ የራሱ የስም አወጣጥ አለው። በሚቀጥለው ክፍል ከነዚህ ቤቶች ሽማግሌዎችንና እናቶችን ጠይቀው፣ ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነና የዚያን ቀን ቤቱ ውስጥ ምን ሆኖ እንደነበር ጭምር ቢጽፉልን በጉጉት አነባለሁ።